የግብርናና የሥርዓተ ምግብ ትምህርት ሲገመገም ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስለ እርሻ፣ ስለ ምግብና ስለ ሥርዓተ ምግብ የሚሰጠው ትምህርት በአገራችን ትምህርት ቤቶች ውስጥ በአንድ ስም አይጠራም። በታችኞቹ ክፍሎች በአካባቢ ሳይንስ ውስጥ ተሠራጭቶ ይገኛል፤ በ7ኛና በ8ኛ ክፍል በአጠቃላይ ሳይንስ ይቀጥላል፤ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ በ11ኛና በ12ኛ ክፍል ግብርና ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት ሆኗል። ከመማሪያ ክፍል ውጪም ተማሪው ይህን ጉዳይ በክበባት፣ በትምህርት ቤት ጓሮና በምገባ መርሐ ግብር ያገኘዋል። ትምህርቱ እንዲህ የተበታተነ በመሆኑ ግምገማውም አስቸጋሪ ነው። መጀመሪያ መምህር፣ ኋላም ሱፐርቫይዘር ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ይህን ትምህርት ደጋግሜ ገምግሜያለሁ፤ ከዚህ በታች ከማነሣቸው ስህተቶች ብዙዎቹን እኔ ራሴ ፈጽሜያቸዋለሁ።

ይህ ትምህርት ከሌሎቹ የሚለየው ተማሪው ረፋድ ላይ የተማረውን በዚያው ምሽት ከቤቱ ምድጃ፣ ከጓሮውና ከጎተራው ጋር ሊያገናኘው ስለሚችል ነው። ግምገማው ሲሳሳት ግን በትጋት የሚያስተምረው መምህር ዝቅተኛ ነጥብ ይሰጠዋል፣ ለታይታ የተዘጋጀው ይመሰገናል፣ ተማሪውም ለቤቱ የሚጠቅም ነገር ሳይጨብጥ ወደሚቀጥለው ክፍል ያልፋል።

ምን እንደሚገመገም ሳይለዩ መጀመር

«የሥርዓተ ምግብ ትምህርቱን ገምግሙ» ተብሎ ሲታዘዝ ሦስት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ቅጽ ውስጥ ይደባለቃሉ፤ እነርሱም የመምህሩ አሰጣጥ፣ የተማሪው ዕውቀትና ክሂል፣ እንዲሁም ትምህርቱን ተከትሎ የመጣው ጓሮ ወይም ምገባ ናቸው። በእጃችን የሚገቡት ቅጾች ብዙውን ጊዜ «የጓሮ አትክልት አለ ወይስ የለም»፣ «ክበብ ተቋቁሟል ወይስ አልተቋቋመም» ብለው ይጠይቁና ምልክት ያስደርጋሉ። እንዲህ ያለው ጥያቄ አንድ ነገር መኖሩን እንጂ አንድ ልጅ መማሩን አይናገርም።

መፍትሔው ወደ ትምህርት ቤቱ ከመሄድ በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ነው፤ ይህን ትምህርት በሚገባ የተማረ የ5ኛ ክፍል ተማሪ ምን ማድረግ ይችላል? ለምሳሌ «በቤቱ ካለው እህልና ጥራጥሬ ለታናሽ እህቱ የሚሆን የተሻለ ገንፎ እንዴት እንደሚዘጋጅ ያስረዳል» ወይም «የችግኝ መደብ አዘጋጅቶ ዘር በተገቢው ጥልቀት ይዘራል» ብሎ መጻፍ ይቻላል። በመርሐ ትምህርቱ የተቀመጠው ዝቅተኛ የመማር ብቃት ለዚህ መነሻ ይሆናል። ዓረፍተ ነገሩ ካልተጻፈ ግምገማው በዕለቱ ዓይን የሳበውን ሁሉ እየለቀመ ይመለሳል።

ሽምደዳን እንደ ዕውቀት መቁጠር

«ገንቢ፣ ኃይልና ሙቀት ሰጪ፣ በሽታ ተከላካይ» የሚለውን ክፍፍል በኢትዮጵያ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ክፍፍሉ ለጀማሪ ተማሪ መጥፎ አይደለም። ስህተቱ የሚጀምረው «ገንቢ ምግቦችን ዘርዝሩ» ብለን ጠይቀን «ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል» ብሎ ለጻፈው ልጅ ሙሉ ነጥብ ሰጥተን ስናልፍ ነው። ይህ ልጅ ጠዋት ሽሮ በልቶ መጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በእርሱ አስተሳሰብ ገንቢ ምግብ የሚገኘው ሥጋና ወተት ባለበት ቤት ብቻ ስለሆነ ከትምህርቱ የወሰደው መልእክት «የእኛ ቤት ምግብ አይረባም» የሚል ነው። ፈተናው ይህን የተሳሳተ መደምደሚያ ሊያየው አልቻለም፤ እንዲያውም ሸልሞታል።

የተሻለው ጥያቄ ከልጁ ቤት ይነሣል። «በቤታችሁ ጤፍ፣ ሽምብራ፣ ጎመንና ዘይት ብቻ አለ እንበል፤ ከእነዚህ ምን ምሳ ይሠራል? እንጀራ ብቻውን ከሚበላ ይልቅ በሽሮ ቢበላ ለምን ይሻላል?» ተብሎ የተጠየቀ ተማሪ በሚመልሰው መልስ ውስጥ ትምህርቱ እንደገባውና እንዳልገባው ወዲያው ይለያል። የእህል ፕሮቲን ላይሲን የተባለው ንጥረ ነገር ያንሰዋል፤ ጥራጥሬ ደግሞ በላይሲን የበለጸገ ሆኖ በእህል የሚገኘው ሜቲዮኒን ያንሰዋል፤ ሁለቱ በአንድ ማዕድ ሲቀርቡ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። የ5ኛ ክፍል ተማሪ የንጥረ ነገሮቹን ስም ማወቅ አያስፈልገውም፤ «እህልና ጥራጥሬ ሲገናኙ ይደጋገፋሉ» ካለና ምሳሌውን ከቤቱ ካመጣ በቂ ነው።

ሌላም ጥያቄ አለ። ብዙ ልጆች ቁርሳቸው ዳቦና ሻይ ነው። ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይና ቡና በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት በሚገባ እንዳይወስድ ያውካል፤ ሎሚ፣ ብርቱካንና ጥሬ ቃሪያ ግን ያግዙታል። «ደም ማነስ ያለባት እናት ሻይዋን መቼ ብትጠጣ ይሻላል?» ብሎ መጠየቅ «የብረት ጥቅም ምንድን ነው?» ከማለት እጅግ ይበልጣል። በጨውም እንዲሁ ነው። ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድደው ደንብ በ2003 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ «አዮዲን የእንቅርትን በሽታ ይከላከላል» የሚለው ዓረፍተ ነገር በየደብተሩ አለ፤ ነገር ግን ጨውን ክዳን በሌለው ዕቃ ፀሐይና እርጥበት በሚያገኘው ቦታ ማስቀመጥ አዮዲኑን እንደሚያባክነው፣ ወጥ ውስጥም መጨመር ያለበት ወደ መጨረሻው እንደሆነ የሚያውቀውን ልጅ ያገኘሁት ከስንት አንድ ነው።

በፈተና ወረቀት ላይ የሚታተሙት ሥዕሎችም ሊፈተሹ ይገባቸዋል። ፖም፣ እንጆሪና አበባ ጎመን በተሣሉበት ፖስተር የሚፈተን የገጠር ልጅ የሚፈተነው ሥዕሉን ማወቁን ነው። ጠረጴዛ ላይ እፍኝ ምስር፣ ዳጉሳ፣ ኑግ፣ ካሮት፣ አንድ እንቁላልና የጨው ዕቃ አስቀምጦ «ለይታችሁ አስረዱኝ» ማለት ወጪው ትንሽ፣ መልሱ ግን እውነተኛ ነው።

መደቡን አይቶ ተማሪውን አለማየት

ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ ስህተት ይህ ነው። በአንድ ዓመት ሁለት ትምህርት ቤቶችን ጎበኘሁ። በመጀመሪያው መደቦቹ በገመድ ተለክተው የተሠሩ፣ ቆስጣውና ሰላጣው የለመለመ፣ አጥሩ የጠበቀ ነበር። ተማሪዎቹን ግን ይህ መቼ ተዘራ፣ ለምን በዚህ ርቀት ተተከለ ብዬ ስጠይቃቸው እርስ በርስ ተያዩ፤ መደቡን የቆፈሩት የቀን ሠራተኞች፣ ውኃ የሚያጠጣውም የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ነበር። በሁለተኛው ትምህርት ቤት የካሮት መደቡ ከሽፎ ነበር። አንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪ ግን ካሮቱን እንደ ጎመን ችግኝ አፍልተው በማዛወራቸው ሥሩ እንደተቆለመመና እንደተሰነጣጠቀ፣ ካሮት በቀጥታ በቦታው ተዘርቶ ኋላ መሳሳት እንዳለበት አንድ የነቀለችውን ሥር ይዛ አስረዳችኝ። የያዝኩት ቅጽ ለመጀመሪያው ትምህርት ቤት ሙሉ ነጥብ፣ ለሁለተኛው ዜሮ አሰጠኝ፤ እኔም ፈርሜ አስረከብኩ። ትምህርቱ የተካሄደው ግን በሁለተኛው ነበር።

ጓሮው የመማሪያ መሣሪያ እንደሆነ ከተቀበልን መመዘን ያለበት ተማሪው ከእርሱ ያወጣው ነው። የመደቡን ማስታወሻ ደብተር ማን ይይዛል? የተዘራበት ቀን፣ የጠጣው ውኃ፣ የታየው ተባይ፣ የተሰበሰበው ምርት ተመዝግቧል? ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ተማሪዎቹ ምን ብለው ገመቱ፣ ግምታቸውንስ እንዴት አረጋገጡ? ብስባሹ ሲዘጋጅ ደረቁና እርጥቡ በምን ተራ ተነባበረ? እነዚህን የሚመልስ ልጅ መደቡ ቢደርቅበት እንኳ ተምሯል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይነሣ አንድ ችግር አለ። የትምህርት ዘመናችን ከመስከረም እስከ ሰኔ ነው፤ በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ደግሞ ዋናው የእርሻ ወቅት ክረምት፣ ማለትም ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ጊዜ ነው። ስለዚህ የትምህርት ቤት ጓሮ በብዛት የሚለማው በበጋ፣ ውኃ በሚቸግርበት ወቅት ነው። ይህን ያላገናዘበ ገምጋሚ በየካቲት ሄዶ የደረቀ መደብ ሲያይ የመምህሩን ስንፍና ይጽፋል፤ ቧንቧ ከሌለው፣ ምንጩም ከሩቅ ከሆነ ትምህርት ቤት ጋር መስኖ ያለውን ያወዳድራል። መጠየቅ ያለበት መምህሩ ባለው ውኃ ልክ ምን አስተማረ የሚለው ነው። አምስት ከረጢት አፈር ላይ የተተከለ ጎመን በትክክል ከተማሩበት ለአንድ ክፍል ይበቃል።

በዚሁ አጋጣሚ የጓሮ ሥራ ለቅጣት መዋሉም በግምገማው መታየት አለበት። አርፍዶ የመጣ ልጅ መደብ እንዲቆፍር በሚታዘዝበት ትምህርት ቤት ግብርና የጥፋት ዋጋ ተደርጎ እየተሰጠ ነው። የገበሬ ልጅ የአባቱን ሙያ እንዲንቅ ከዚህ የበለጠ ውጤታማ ትምህርት አላውቅም፤ በየትኛውም ቅጽ ላይ ግን ተጠይቆ አያውቅም።

ወቅቱንና ጾሙን መርሳት

የምግብ አመጋገብ ለውጥን ለማየት ከትምህርቱ በፊትና በኋላ መጠይቅ የሚሞላ ግምገማ ሁሉ የቀን መቁጠሪያን ሊያማክር ይገባል። በመኸር አብቃይ አካባቢ በኅዳርና በታኅሣሥ ጎተራው ይሞላል፤ በሐምሌና በነሐሴ ይራቆታል። የመነሻው ዳሰሳ በመስከረም መጀመሪያ፣ የመጨረሻው በጥር ቢካሄድ ትምህርት ባይሰጥ እንኳ የምግብ ስብጥሩ መሻሻሉ አይቀርም። በልግ በሚዘንብባቸው አካባቢዎች ተራው ይለያያል። እንሰት በሚበላባቸው አካባቢዎች ደግሞ እንሰት ለዓመታት መሬት ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ምግብ በመሆኑ የወቅቱ ልዩነት ሌላ መልክ አለው። ስለዚህ በአንድ ክልል የሠራውን የጊዜ ሰሌዳ ወደ ሌላው ገልብጦ መውሰድ አይቻልም።

ጾሙ ከዚህም ይበልጣል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የነቢያት፣ የሐዋርያትና የፍልሰታ ጾሞች፣ ረቡዕና ዓርብም አሉ። ለጾም የደረሰ የኦርቶዶክስ እምነት ተከታይ ልጅ በመጋቢት «ባለፈው ሳምንት እንቁላል ወይም ወተት ወስደሃል?» ቢባል መልሱ ሃይማኖቱን እንጂ የተማረውን አይነግረንም። የመነሻው መረጃ በጾሙ መካከል፣ የመጨረሻው ከፋሲካ በኋላ ከተሰበሰበ ውጤቱ አስደናቂ መሻሻል ያሳያል፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ደግሞ ትምህርቱ ጎዳ የሚያሰኝ ቁጥር ይወጣል። ሁለቱም ውሸት ናቸው። የረመዳን ጾምም በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ እየቀደመ ስለሚመጣ ባለፈው ዓመት ያላጋጠመ ግምገማ በሚቀጥለው ያጋጥመዋል። ተመሳሳዩን ወቅት ከተመሳሳዩ ወቅት ጋር፣ የጾሙን ቀን ከጾሙ ቀን ጋር ማወዳደር ብቸኛው መንገድ ነው።

ይህን ስል የጾም ምግብ ደካማ ነው ማለቴ አይደለም። ምስር፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ኑግ፣ ተልባ፣ ሰሊጥና ጎመን በጾም ማዕድ ላይ የሚበረክቱ ናቸው። «የጾም ምግባችንን እንዴት እናሻሽለው?» ብሎ ያስተማረ መምህር ጾሙን እንደ እንቅፋት ብቻ ከሚያየው ይልቅ ከተማሪዎቹ ሕይወት ጋር ቀርቧል፤ ገምጋሚውም ይህን ሊመዘግብለት ይገባል።

ልጅን በጓደኞቹ ፊት «ምን በላህ?» ብሎ መጠየቅ

ያልበላ ልጅ በጓደኞቹ ፊት አልበላሁም አይልም። የሥርዓተ ምግብ ትምህርት የወሰደ ልጅ ደግሞ የሚጠበቅበትን መልስ ስለሚያውቅ ሙዝና እንቁላል ይላል። ጥያቄው ለብቻው፣ በሚያውቀው ቋንቋ፣ ነጥብ የሚሰጥበት እንዳልሆነ ተነግሮት መቅረብ አለበት። መልሱም መዘርዘር አለበት፤ «እንጀራ በወጥ» ከተባለ ወጡ በምን እንደተሠራ ካልተጠየቀ ሽሮውም፣ ድንቹም፣ ሥጋውም አንድ ሆኖ ይቀራል። በአንድ ትሪ ላይ አብሮ የሚበላ ቤተሰብ ውስጥ ልጁ የበላውን መጠን ማወቅ ከባድ ስለሆነ በዚህ ደረጃ መጠን ለመለካት መሞከር ጥቅሙ አነስተኛ ነው።

የምግብ ስብጥር መለኪያዎችን ያለ ቦታቸው መጠቀምም የተለመደ ነው። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ለሆኑ ሴቶች የተዘጋጀው መለኪያ ምግብን በ10 ምድብ ከፍሎ ቢያንስ 5ቱን ያገኘችውን እንደ በቂ ይቆጥራል፤ ከ6 እስከ 23 ወር ላሉ ሕፃናት የተዘጋጀው ደግሞ 8 ምድብ አለው፤ የቤተሰብ መለኪያው የሚያሳየው ቤተሰቡ ምግብ የማግኘት አቅሙን እንጂ የአንዱን ልጅ አመጋገብ አይደለም። ከእነዚህ አንዱን አንሥቶ የ10 ዓመት ተማሪ ላይ መጫንና «በቂ አይደለም» ብሎ መፈረጅ መለኪያው ያልታሰበለትን ሥራ ማሠራት ነው። በወጥ ውስጥ ለማጣፈጫ የገባችውን ሽንኩርትና ቃሪያ እንደ አንድ የአትክልት ምድብ መቁጠርም ቁጥሩን ያሳብጣል፤ የሴቶቹ መለኪያ ከ15 ግራም በታች የተበላውን አይቆጥርም፤ ምክንያቱም ይኸው ነው።

ከዚህ ጋር የሚያያዘው ማወቅን፣ መፈለግንና መቻልን አለመለየት ነው። ሁለት ዶሮ ያላት እናት እንቁላሉን ሸጣ ጨው፣ ሳሙናና የልጇን ደብተር ትገዛበታለች። ልጅቱ እንቁላል ለታናሽ ወንድሟ እንደሚጠቅም አሳምራ ታውቃለች። በመጠይቁ ላይ «እንቁላል አልበላም» የሚለው መልስ ብቻውን ሲታይ ትምህርቱ አልሠራም ያሰኛል፤ እውነቱ ግን ትምህርቱ ሠርቷል፣ ገንዘቡ አልበቃም ነው።

ትምህርቱ ራሱ ትክክል መሆኑን አለመፈተሽ

ግምገማ ሁልጊዜ ተማሪውን እየጠየቀ መምህሩ የተናገረው እውነት ነው ወይ ብሎ ሳይጠይቅ ያልፋል። በክፍል ውስጥ ተቀምጬ ከሰማኋቸው መካከል የተወሰኑትን ላንሣ።

ቀይ ሥር «ደም ይተካል» የሚለው በየቦታው ይሰማል። ቀይ ሥር ጥሩ አትክልት ነው፤ ቀለሙ ግን ብረት አይደለም፤ በውስጡ ያለው የብረት መጠን አነስተኛ ነው፤ ደም ያነሰውን ልጅ በቀይ ሥር አምኖ ወደ ጤና ጣቢያ አለመውሰድ ደግሞ አደጋ አለው። ጤፍ በብረት የበለጸገ ነው የሚለውም ማብራሪያ ይፈልጋል፤ በአውድማ ላይ በከብት የተወቃ ጤፍ አፈር ስለሚቀላቀልበት በላቦራቶሪ ሲለካ ከፍ ብሎ የሚታየው ብረት ከፊሉ የአፈሩ ነው፤ የጤፉም ብረት ቢሆን ፋይቴት የተባለው ንጥረ ነገር ስለሚይዘው ሁሉም ለሰውነት አይደርስም። እርሾው ሊጡን በሚያቦካበት ጊዜ ፋይቴቱ ስለሚቀንስ የማቡካቱ ጥቅም ከጣዕም ያለፈ መሆኑን ማስተማር ግን ትልቅ ነገር ነው፤ ይህን ያስተማረ መምህር ባጋጠመኝ ቁጥር ልቤ ይሞቃል። ሽፈራውንም፣ በኮንሶና በአካባቢው ከጥንት ጀምሮ የሚበላ ጠቃሚ ቅጠል መሆኑን ትቶ የበሽታ ሁሉ መድኃኒት አድርጎ ማቅረብ ስህተት ነው።

ስኳር ድንች ቫይታሚን ኤ አለው ተብሎ በጅምላ ይነገራል። ቫይታሚኑን የሚሰጠው ውስጡ ብርቱካናማ የሆነው ዝርያ ነው፤ ነጩ አይሰጥም፤ ብርቱካናማውም ጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ ሲያገኝ ሰውነት ይበልጥ ይወስደዋል። እንሰት አብቃይ በሆነ ወረዳ ውስጥ ደግሞ ምሳሌው ሁሉ ስለ ጤፍ ከሆነ፣ ቆጮ ኃይል ሰጪ ሆኖ ፕሮቲኑ እጅግ አነስተኛ መሆኑ፣ ስለዚህም ከባቄላ፣ ከጎመንና ከአይብ ጋር መቅረብ እንዳለበት ካልተነገረ፣ ትምህርቱ ለዚያ ልጅ አልተዘጋጀም ማለት ነው።

መርዛማ የሆነውን መዝለልም እንደ ስህተት ሊመዘገብ ይገባል። ጓያ ሌላው ሰብል በሚጠፋበት ዓመት የሚተርፍ በመሆኑ በችግር ጊዜ ለሳምንታትና ለወራት ዋና ምግብ ይሆናል፤ በዚያን ጊዜም በውስጡ ያለው መርዝ የማይድን የእግር ሽባነት ያስከትላል። ዘፍዝፎና ቀቅሎ ውኃውን መድፋት፣ ከሌላ እህል ጋር መቀላቀልና ብቻውን ለረጅም ጊዜ አለመብላት አደጋውን ይቀንሳሉ። ጓያ በሚዘራበት አካባቢ የሚሰጥ የጥራጥሬ ትምህርት ይህን ካላነሣ፣ ተማሪዎቹ ፈተናውን መቶ ከመቶ ቢያመጡም ትምህርቱ ጎደሎ ነው። እርጥበት እያለው የተከማቸ በቆሎና ለውዝ ላይ የሚወጣው ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ እንደሚያመነጭ፣ መርዙም በተለመደው አበሳሰል እንደማይጠፋ ማወቅም እንዲሁ ነው። የፀረ ተባይ ዕቃ ታጥቦ ለውኃ ወይም ለዘይት መያዣ እንደማይሆንም በግብርናው ክፍል መነገር አለበት። እኔ አሁን ክፍል ስገባ የምይዘው የመጀመሪያው ማመሳከሪያ ይህ የትክክለኛነትና የደኅንነት ዝርዝር ነው።

የተማሪዎችን ቁመት ለክቶ በትምህርቱ ላይ መፍረድ

መቀንጨር፣ ማለትም ልጅ ለዕድሜው ከሚጠበቀው ቁመት ማጠሩ፣ የአገራችን ከባድ ችግር ነው። በሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናቶች መሠረት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት የቀነጨሩት በ1992 ዓ.ም. 58 በመቶ የነበሩ ሲሆን በ2011 ዓ.ም. 37 በመቶ ነበሩ። ችግሩ አሳሳቢ ስለሆነ የሥርዓተ ምግብ ትምህርት የሚሰጡ ፕሮጀክቶችም ተማሪዎችን መለካት ይቃጣቸዋል። መቀንጨር ግን በአብዛኛው የሚወሰነው ከፅንስ ጀምሮ ባሉት 1,000 ቀናት ውስጥ ነው። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የመንግሥት የሰቆጣ ቃል ኪዳንም እስከ 2022 ዓ.ም. መቀንጨርን ለማስወገድ ሲነሣ ዓላማው ያደረገው ከ2 ዓመት በታች ያሉትን ሕፃናት ነው። የ12 ዓመት ልጅን በአንድ መንፈቅ ዓመት ትምህርት ቁመቱ እንዲጨምር መጠበቅ ተገቢ አይደለም። የትምህርቱ ፍሬ በዚህ መስክ ቢገኝ የሚገኘው ተማሪዋ ነገ እናት ስትሆን፣ ዛሬም ታናናሾቿን ስትመግብ ነው።

ለውጡን ሁሉ ለትምህርቱ መስጠት

በአንድ ቀበሌ ውስጥ ትምህርቱ ብቻውን አይሠራም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ትዞራለች፤ የልማት ሠራተኛው የአትክልት ዘር ያከፋፍላል፤ ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ዶሮና ወተት ላይ አተኩሯል፤ በብዙ ትምህርት ቤቶች መጋቢ እናቶች የሚያዘጋጁት ምገባ አለ። ተማሪዎች ከክፍል አለመቅረታቸውና በትምህርት ሰዓት ንቁ መሆናቸው ከምገባው የመጣ ሆኖ ሳለ ለሥርዓተ ምግብ ክበቡ ሲመዘገብ አይቻለሁ። ተመሳሳይ ምገባ ያለው ነገር ግን ትምህርቱን ገና ያልጀመረ አንድ ጎረቤት ትምህርት ቤት ጨምሮ ማየት ብዙ ስህተት ያስቀራል። ይህ የማይቻል ከሆነ «ለውጡ ታይቷል፤ ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም» ብሎ መጻፍ ከማጋነን ይሻላል።

እናቶችንና አርሶ አደሮችን አለመጠየቅ

ልጆቹ የተማሩትን ወደ ቤት ይዘው መሄዳቸውን ከሁሉ ቀድማ የምታውቀው እናት ናት። ነገር ግን የግምገማ ቡድን ብዙ ጊዜ ከርእሰ መምህሩ ቢሮ አልፎ ወላጅ ጋ አይደርስም። በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት በኩል ፈቃድ ተጠይቆ ጥቂት ቤቶችን መጎብኘት፣ «ልጅሽ ከትምህርት ቤት መጥታ ስለ ምግብ ምን ነገረችሽ? ከነገረችሽ ውስጥ ያልተስማማሽበት አለ?» ማለት ከሃምሳ መጠይቅ የሚበልጥ መረጃ ይሰጣል። ሁለተኛው ጥያቄ በተለይ ሊዘለል አይገባውም፤ እህል ስለ ማከማቸት፣ ስለ ዘር መምረጥና ስለ ማቡካት የወላጆች ዕውቀት ከመጽሐፉ የሚቀድምበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሥራው በጾታ እንዴት እንደተከፋፈለም ይታይ። ወንዶች ልጆች ቆፍረው፣ ሴቶች ልጆች ውኃ ቀድተውና አብስለው ከተመለሱ ግማሹ ክፍል እርሻ፣ ግማሹ ክፍል ምግብ ተምሯል። ሁለቱንም ለሁለቱም መጠየቅ ይገባል።

ውጤቱን ለመምህሩ አለመመለስ

ሪፖርቱ ወደ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይሄዳል፣ ከዚያም ወደ ዞን፤ ክፍሉ ውስጥ ቆሞ ያስተማረው መምህር ግን ከነጥቡ በስተቀር የሚደርሰው ነገር የለም። አሁን የምከተለው አሠራር ቀላል ነው። ከትምህርት ቤቱ ሳልወጣ ከመምህሩ ጋር ግማሽ ሰዓት እቀመጣለሁ፤ የሦስት ተማሪዎችን መልስ፣ የተሳካውንም ያልተሳካውንም፣ እንዳለ አነብለታለሁ። ስለ ጓያ ያልተጠየቀው ክፍል በሚቀጥለው ሳምንት ይጠየቃል፤ የተቆለመመው ካሮት መደብ እንደገና ተለስልሶ በቀጥታ ይዘራል፤ የሚቀጥለው ጉብኝቴም የሚጀምረው ከእነዚያ ሦስት ተማሪዎች ነው።